ከአልጋው ሥር የታሰረ ቦርሳ

ፍሬዘር ሚልካን ለማግባት ሽማግሌ ከመላኩ በፊት የወንድሟን የጉደታን ይሁንታ ማግኘት ነበረበት። አባታቸው ካረፉ ወዲህ የቤቱ ቃል በጉደታ እጅ ነው። ጉደታም «መጀመሪያ አብረን ሜዳ እንደር፣ ልይህ» ብሎ ከአዳማ ወደ ቆቃ ሐይቅ ዳር ይዞት ወረደ።

አመሻሹ ላይ ተንጠልጣይ አልጋዎቻቸውን በግራሮቹ መካከል ወጠሩ። ጉደታ ቦርሳውን ከቅርንጫፍ ላይ ሰቀለና እጁን ዘረጋ።

«ያንተንም አምጣ። መሬት ላይ ካደረ ምስጥ ይበላዋል።»

«እኔ ከአልጋዬ ሥር አንጠለጥለዋለሁ» አለ ፍሬዘር ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ጀርባዬ ሥር ከሆነ ጦጣ አይደፍረውም።»

«አንተ የቢሮ ሰው፣ ጦጣ የምታውቀው በቲቪ ነው! የመረጥኩትን ዛፍ ሳታምን እህቴን ልታምን ነው?»

ጉደታ ደህና እደር እንኳ ሳይለው ጀርባውን ሰጥቶት ተኛ።

ጎህ ሲቀድ በጦጣ ጫጫታ ነቁ። የጉደታ ቦርሳ አፉን ከፍቶ ተንጠልጥሏል፤ አንዲት ጦጣ ከላዩ ተቀምጣ የመጨረሻውን ዳቦ ትገምጣለች። ጉደታ ድንጋይ ቢወረውርባት ከቦታዋም አልተነቃነቀች።

ፍሬዘር ጎንበስ ብሎ ቦርሳውን ከአልጋው ሥር ፈታና የራሱን ዳቦ ለሁለት ገምሶ ሰጠው። ጉደታ ሳያመሰግን ተቀበለ፤ በልቶ እስኪጨርስም ቀና ብሎ አላየውም።

«ሽማግሌዎችህ እሁድ ይምጡ» አለ በመጨረሻ፣ ፍርፋሪውን ከሱሪው ላይ እያራገፈ። «አንተን ግን በዚያን ቀን ደጄ ላይ እንዳላይህ!»

ድሮስ አግቢው ከሽማግሌ ጋር መች ይሄዳል? ፍሬዘር ይህን በሆዱ ይዞ ገመዱን መጠቅለል ጀመረ።