ስሟ የዘገየ ልጅ

የመርሳ ከተማው ፍራፍሬ ነጋዴ ዛኪር፣ ሚስቱ ሀስና የመጀመሪያ ልጃቸውን በወለደች ማግስት ስልኩ እረፍት አጣ። የደወለ ሁሉ «እንኳን ማርያም ማረቻት» ወይም «አልሐምዱሊላህ» ካለ በኋላ ጥያቄው አንድ ነው፦ «ወንድ ነው ሴት?»

ዛኪር አያውቅም። አዋላጇ ሕፃኑን ደጋግማ አይታ፣ «አካሉ የወንድም የሴትም ይመስላል፤ በዓይን መለየት አልቻልኩም። ዛሬውኑ ወልድያ ውሰዱት» ብላቸዋለች።

«ልጅ ነው» ይላል ዛኪር። «ምን ዓይነት?» ሲሉት፣ «የሚያለቅስ!»

በሰባተኛው ቀን የዛኪር እናት አሚና ወልድያ ሆስፒታል ድረስ መጡ። «በግ ታርዶ ስም የሚወጣበት የአቂቃው ቀን ደረሰ እኮ! ለወንድ ሁለት በግ፣ ለሴት አንድ። ስንት ይገዛ?»

«ይቆይ እማ። የደም ምርመራው ውጤት አልመጣም።»

አሚና ሕፃኑን ተቀብለው ግንባሩን ሳሙ። «ወንድ ሁን ሴት፣ የኔው ነህ» አሉት።

ከሳምንት በኋላ ዶክተር እየሩሳሌም ባልና ሚስቱን ጠራቻቸው። «ሴት ናት። ማህፀን አላት፤ የደም ምርመራውም ይህንኑ አረጋገጠ። ከኩላሊቷ በላይ ያለው እጢ ገና ሆድ ውስጥ ሳለች የወንድ ሆርሞን አብዝቶ አመንጭቷል። ሰውነቷ ጨው ስለሚያጣ ይህን መድኃኒት አንድም ቀን ሳታቋርጡ ስጧት።»

«እርጉዝ ሆኜ ከባድ ስላነሳሁ ነው?» አለች ሀስና።

«በፍጹም! የማንም ጥፋት አይደለም።»

ሀስና እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። ከዚያ በነጠላዋ ጠርጋ፣ «ስታድግስ?» አለች።

«እንደ ማንኛዋም ልጅ ታድጋለች። ከወንዶች ጋር ኳስ መራገጥ ትወድ ይሆናል፤ ከወደደች ተዉአት።»

ዛኪር ሳቁ አመለጠው። «ዶክተር፣ ይቺ ሚስቴ እኮ ሲሪንቃ ሜዳ ላይ በኳስ አናቴን ብላኝ ነው የተዋወቅነው!»

ሀስና በክርኗ ጎሸመችው፤ እሷም ሳቀች።

በሃያ አንደኛው ቀን ለአቂቃው ቤቱ ጢም ብሎ ሞላ። ሼህ ኡበይደላ ዱዓ አድርገው «ዙልፋ» ሲሏት እልልታው ቀለጠ። ዛኪር ግን ሁለት በግ ነበር የገዛው።

«ለሴት አንድ ነው አላልኩህም?» አሉ አሚና።

«አንዱ የእሷ ነው እማ። ሌላው ለኔ ደስታ!»

ዶክተር እየሩሳሌምም ከወልድያ መጣች። አሚና ለእሷ ለብቻ ምስር ወጥ አሠርተው ጠበቋት። ከበላች በኋላ ዙልፋን ብድግ አድርጋ፣ «ኧረ ይቺ ልጅ ከብዳለች!» አለች።

«ማሻአላህ በይ እንጂ፣ ዓይን እንዳይነካት!» አሉ አሚና ደንገጥ ብለው።

«ማሻአላህ» አለች እየሩሳሌም፣ ልጅቱን ወደ ላይ ከፍ እያደረገች።