በጎደለ ጥርስ የሠለጠነችው ውሻ

ቲዝል እንግሊዝ አገር፣ ዮርክሽር ወዳለው የውሻ ማሠልጠኛችን ስትመጣ የአሥር ወር የአደን ውሻ ነበረች፤ ጉልበቷ ግን የሁለት ፈረስ። በመጀመሪያው ቀን ብቻ ሦስት ጥንቸል፣ አንድ ብስክሌትና የቄሱን ባርኔጣ አሳደደች። ብስክሌቱን ቀድማው ገባች ብል አታምኑኝም፤ ተዉት።

ያመጧት ሚስተር ኦግደን የሚባሉ አዛውንት ናቸው። ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ ቤት ውስጥ የሚያዋሩት ቲዝልን ብቻ ነው። ልጃቸው ማቪስ ግን ቁርጡን ነግራቸዋለች።

«አባዬ፣ ሁለቴ ጎትታ ጥላሃለች። በስድስት ሳምንት ሥርዓት ካልያዘች ለሌላ ሰው ትሰጣለች።»

አለቃዬ ሂልዳ ፊሽካ ሰጠችኝ። እኛ ዘንድ ፊሽካ እንደ ድምፁ ቅጥነት ቁጥር አለው፤ ውሻ በአንዱ ቁጥር ከተማረ በሌላው ቢነፉለት ዞር ብሎም አያይም። ስለዚህ ሥልጠናው ሲያልቅ ያው ፊሽካ ለባለቤቱ ይሰጣል።

እኔ ግን ፊሽካውን በሁለተኛው ቀን ኩሬ ውስጥ ጣልኩት።

ለሂልዳ ከመናገር፣ ላም በእርግጫ ባወለቀችው የፊት ጥርሴ ክፍተት ማፏጨት መረጥኩ። ድምፁ የሻይ ማንቆርቆሪያና የዝይ ጫጩት ድብልቅ ነው። ሂልዳ ከሩቅ ሰምታ «ፊሽካውን ጉንፋን ይዞታል?» ስትለኝ «እርጥበት ነው» አልኳት። አልዋሸሁም።

ቲዝል ግን ወደደችው። ከሩጫዋ መሀል ሳፏጭላት ቂጧ መሬት ይነካል። የሸራ ጥቅል ስወረውር ከእሾህ ውስጥ አውጥታ፣ ጥርሷን ሳታሳርፍበት እጄ ላይ ታስቀምጣለች። ለቁርሴ እንዲህ አልተጠነቀቀችም።

የመረከቢያው ቀን ደረሰ። ሚስተር ኦግደን ያቀበልኳቸውን ሌላ ፊሽካ ነፉ። ቲዝል ቁራ እያሳደደች ሜዳውን አቋረጠች።

ሂልዳ አፈጠጠችብኝ። «ፊሽካው ያው ነው?»

«ወንድሙ ነው።»

«አንተ ቀልማዳ! እውነቱን አውጣ!»

አወጣሁ። አፏጭቼም አሳየሁ፤ ቲዝል ካለችበት ቁጭ አለች።

«ታዲያ ይሄን ሰውዬ ከነክፍተቱ ቤት ልንወስደው ነው?» አለች ማቪስ። «በቃ አባዬ፣ እዚሁ ትቅር።»

ቲዝል እንደገና ተፈተለከች። ሚስተር ኦግደን ፊታቸውን ወደ ሜዳው አዞሩና የላይኛውን ሰው ሠራሽ ጥርሳቸውን አወለቁ። ከራሳቸው የቀሩት ሁለት ጥርሶች ናቸው፤ በመሀላቸው ጋሪ ያልፋል። መጀመሪያ ምራቅ ብቻ ወጣ። ሁለተኛው ላይ ማንቆርቆሪያውም ጫጩቱም መጡ።

ቲዝል ቁጭ!

«አባዬ! ሰው ፊት!» ብላ ማቪስ ስትጮህ፣ ሽማግሌው ደንግጠው ጥርሱ ከእጃቸው ሣር ውስጥ ገባ። ጎንበስ ከማለታቸው ቲዝል በርራ መጣች፤ አሽትታ አነሳችው፣ ፊታቸው ተቀምጣም መዳፋቸው ላይ አኖረችው። ጭረት የለበትም።

ማቪስ ልትቆጣ አፏን ከፈተች፤ የወጣው ሳቅ ነበር። የመኪናውን በር ከፈተችላት። «ግቢ፣ አንቺ ወስላታ።»

ሂልዳ ደግሞ ፊሽካውን ገብቼ እንዳወጣ ኩሬውን በአገጯ ጠቆመችኝ።

ሚስተር ኦግደን ጥርሳቸውን በመሐረብ ጠቅልለው ኪሳቸው ከተቱት።

«ከእንግዲህ» አሉ እየተኮላተፉ፣ «ለምሳ ብቻ ነው።»