እማዬ ዓይኗን አትጨፍንም

1.

ኢዮስያስ አፍንጫውን እየጎረጎረ ነው።

2.

ይቅርታ፣ ከዚህ መጀመር አልነበረብኝም። ግን መጀመሪያ ያየሁት እሱን ነው። ቅዳሜ ከሰዓት፣ ሆሳዕና ከተማ፣ የቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ፣ የኳየር ልምምድ። የኳየሩ መሪ ጋሽ ደመላሽ «ዓይናችሁን ጨፍኑና ከልባችሁ አምልኩ» አሉ። ሁሉም ጨፈነ። እኔ ገለጥኩ። ኢዮስያስ በአንድ እጁ ኪቦርድ ይጫወታል፣ በሌላኛው ደግሞ፣ ነገርኳችሁ።

3. የምርምሬ ጥያቄ

ከልብ ማምለክ ከውጭ ሲያዩት ምን ይመስላል?

(እየቀለድኩ አይደለም። እሺ፣ እየቀለድኩ ነው። ግን ማወቅ እፈልጋለሁ።)

4. ማጮለቅ ለምትፈልጊ

እጅሽን አንሺ። በደንብ ከፍ ካለ ክንድሽ ፊትሽን ይጋርድልሻል። አንድ ዓይን ብቻ ግለጪ፣ እሱንም በግማሽ። የነቃብሽ ሰው ካለ ጮክ ብለሽ «አሜን» በይ።

5. እስካሁን የታየ

አጠገቤ የምትዘምረው ስቲና ከማልቀሷ በፊት ኩሏን በጣቷ ትጠርጋለች። ከዚያ ታለቅሳለች። እንባው ግን የእውነት ነው፣ አጣርቻለሁ።

ሽማግሌው ጋሽ ኤርጊቾ ሰዓታቸውን ያያሉ። አንድ እሁድ ዓይን ለዓይን ተጋጠምን። ሁለታችንም ቶሎ ጨፈንን። ከዚያ ወዲህ ሰላም ሲሉኝ እጄን ጠበቅ ያደርጉታል።*

እማዬ፣ የመጨረሻው ወንበር ላይ። ዓይኗ ክፍት። አፏ ዝግ።

* ትልቅ ሰው ስለሆኑ አልናገርባቸውም። ይኸው፣ አልተናገርኩም።

6.

እማዬ የኳየሩ ሶሎ ዘማሪ ነበረች። ባለፈው ክረምት ታናሽ ወንድሜ ናታን ታመመ። ቤተ ክርስቲያኑ በሙሉ ጾመለት። ሳሎናችን ውስጥ ተንበርክከው ጸለዩለት።

ሞተ።

ከዚያ ወዲህ እማዬ አንድም እሁድ አልቀረችም። አንድም መዝሙር ግን አልዘመረችም። ቅዳሜ ቅዳሜ የኳየሩን ጋውን ትተኩሳለች፣ ማንም ሳያዛት።

አሁን ጋሽ ደመላሽ የእሷን መዝሙር ለእኔ ሰጡኝ። «የእናትሽ ድምፅ ነው ያለሽ» አሉኝ። ድምፁ አለኝ። ሌላው ይኑረኝ አይኑረኝ እንጃ።

የምፈልገው አንድ ነገር ነው፦ ስዘምረው እማዬ አብራኝ እንድትዘምር። ኢዮስያስ «ተነስታ ትወጣለች፣ ታያለሽ» ብሎኛል። እሱን ደግሞ ማን ጠየቀው?

7. ቅዳሜ ማታ፣ ቃል በቃል

እኔ፦ እማዬ፣ ነገ ያንቺን መዝሙር እኔ ነኝ የምመራው።
እማዬ፦ ሰምቻለሁ። የጋውኑን እጅጌ ያዥልኝ።
እኔ፦ ደበረሽ?
እማዬ፦ ያዥልኝ አልኩሽ እኮ።
እኔ፦ ይኸው ያዝኩ። ለምንድን ነው የማትዘምሪው?
እማዬ፦ እግዚአብሔር ፊት አልዋሽም።
እኔ፦ መዝሙር እንዴት ውሸት ይሆናል?
እማዬ፦ አሁን አፌን ብከፍት የሚወጣው ምስጋና አይደለም።
እኔ፦ ታዲያ ምንድን ነው?
እማዬ፦ «ለምን» ነው።
እኔ፦ እና እሱን ዘምሪዋ።
እማዬ፦ አንቺ ልጅ፣ ኢዮስያስ ዜማውን በኪቦርዱ በምን ኪይ ሊይዘው ነው?

(ሳቀች። ትንሽ። ካውያውን አቆመችው።)

እማዬ፦ ደግሞ ስታጮልቂ አይሻለሁ። እኔ እኮ ዓይኔን አልጨፍንም።

8.

አየችኝ።

ሁሉንም እሁድ።

9. የምርምሩ ውጤት (ጊዜያዊ)

ስቲና ከኩሏ ጋር ከልቧ ነው። ጋሽ ኤርጊቾም ከሰዓታቸው ጋር። ኢዮስያስም፣ ይሁን፣ ከአፍንጫው ጋር። እማዬ ዝም ብላ ከልቧ ነው። ከልቡ ያልሆነ ሰው ስፈልግ ከርሜ አንድ ብቻ አገኘሁ።

ማይክ የተሰጣትም እሷ ናት።

10. እሁድ

ጋውኑ የእማዬን ካውያ ይሸታል። የመጀመሪያውን አዝማች አሳምሬ ዘመርኩ። በጣም አሳምሬ። ስቲና ኩሏን መጥረግ ጀመረች። የመጨረሻው ወንበር ላይ ግን ዓይን ክፍት፣ አፍ ዝግ።

ሁለተኛው አዝማች ላይ «ምስጋና» የሚለው ቃል ጋ ስደርስ ዘለልኩት። ናታን ትዝ አለኝ፣ ጫማውን ግራና ቀኝ አቀያይሮ ሲሮጥ።

በዚያው ዜማ

«ለምን»

ብዬ ዘመርኩ። መዝሙሩ ላይ የለም። የኢዮስያስ ጣቶች ቆሙ። ጋሽ ደመላሽ አዩኝ። ጋሽ ኤርጊቾ ሁለቱንም ዓይን ገለጡ። እኔ ደገምኩት። ለማን እንደምዘምር ለመጀመሪያ ጊዜ አውቄ።

ኢዮስያስ አንድ ቁልፍ ነካ፣ ተወው፣ ሌላ ነካ።

ኪዩን አገኘው።

11.

እማዬ ተነሳች።

ከእሷ ወንበር ወደ በሩም ወደ መድረኩም የሚወስደው አንድ መተላለፊያ ነው።

12.

ማጮለቅ እችል ነበር። ክንዴ ከፍ ብሏል፣ ማንም አይነቃብኝም።

ጨፈንኩ።

ሁለቱንም።

13.

እኔ፦ ለምን
ኢዮስያስ፦ (ኪቦርድ)
እማዬ፦