የግራ እጅ ፋይል

ሰኞ ጠዋት የሬዲዮ ጣቢያው ሰርቨር ጠባቂ ወንበሯን ስባ ተቀመጠችና በግራ እጇ አንዲት ፊደል መታች። ወትሮ ያቺን ፊደል ስትመታ የሳምንቱ ቅጂዎች በሙሉ በየቀናቸው ተሰልፈው፣ አዲሱ አረንጓዴ፣ የተበላሸው ቀይ ሆኖ ጥቁሩ መስኮት ላይ ይወጡላት ነበር። ዛሬ የወጣላት አንድ መስመር ብቻ ነው፦ «እንዲህ የሚባል ትእዛዝ የለም።»

ደግማ መታች። የለም። ሌላ ፊደል ሞከረች። እሱም የለም። ከላይ ግን አንድ ነገር ተጽፏል፦ «ሰርቨር ክፍል ብርድ ነው፤ ሹራብ!»

ጣቢያው ውስጥ ስሟን የሚያውቀው የሰው ኃይል ክፍሉ ብቻ ነው። ሌላው «እትዬ ነጥብ» ይላታል። ለተለማማጅ ሁሉ መጀመሪያ የምታስተምረው ይኸው ነበርና፦ ሰርቨሩ በሚሠራበት ሥርዓት፣ በሊኑክስ ላይ፣ ስሙ በነጥብ የሚጀምር ፋይል ከዓይን የተሰወረ ነው፤ የተሰወረ ነገር ደግሞ የተሰወረበት ምክንያት አለው፤ አትነካካው። የሷ ባለ ነጥብ ፋይል ስድስት መቶ መስመር ነበር። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ እንደ ዳንቴል ስትሠራው ኖራለች፤ ረጅሙን ትእዛዝ በአንድ ፊደል የሚያሳጥር፣ ቀለም የሚቀባ፣ ስትሳሳት ጢጥ የሚል።

አንድ ነገር ግን ለማንም አልተናገረችም። የዛሬ ዘጠኝ ዓመት የሰርቨሩ ሳጥን የብረት በር ቀኝ እጇ ላይ ተዘጋና ሦስት ጣቶቿ እንደ ማንኪያ ደርቀው ቀሩ። ያን ጊዜ ፋይሉን ከፍታ አቋራጮቹን ሁሉ ግራ እጅ ወደሚደርስባቸው ፊደላት አዛወረቻቸው። ቀኝ እጇ ሹራቧ ኪስ ውስጥ ገባ፤ እንደገባ ቀረ። ሰዉም ብርድ የምትፈራ ሴት ናት ብሎ አለፈው።

ፋይሉን ፈልጋ ከፈተችው። አርባ መስመር! አናቱ ላይ «የጣቢያው ወጥ ስታንዳርድ፤ አዘጋጅ፦ የቴክኒክ ክፍል ኃላፊ» ይላል። ወረድ ስትል ደሟ ፈላ። አርባዎቹም መስመሮች የራሷ ናቸው። ቀለሟ አለ፣ ጢጧ አለ። ሹራብ የሚለውንም ለራሷ ማስታወሻ የጻፈችው እሷ ናት፤ ዛሬ ጠዋት ሠላሳ ሁለት ሠራተኞች፣ የዘበኞቹ አለቃ ጭምር፣ ሹራብ እንዲለብሱ ታዘዋል። የሌለው የግራ እጇ ድርሻ ነው። አንድም አቋራጭ አልቀረላትም።

መጀመሪያ የሰደበችው ራሷን ነው። በየዓርቡ የጣቢያውን ድምፅ ሁሉ ዲስክ ላይ ገልብጣ መሳቢያዋ ውስጥ ትቆልፋለች። የራሷን ፋይል ግን አንድ ቀን እንኳ አልገለበጠችም፤ በመሥሪያ ቤት ዲስክ የግል ዕቃ ማስቀመጥ ነውር መስሏት። «ደግ አደረግሽ!» አለች ለራሷ። «አንቺ ጻድቅ!» ከዚያ ተነስታ ወደ ኃላፊው ክፍል ሄደች።

ኃላፊውን ሰው ሁሉ በሌለበት «ስታንዳርድ» ነው የሚለው። የዛሬ ስድስት ዓመት ተለማማጇ ነበር፤ ከጀርባዋ ቆሞ የጻፈችውን ሲቀዳ የዋለ ልጅ።

«እትዬ! ግቢ፣ ግቢ። አዲሱን አየሽው?»

«አየሁት፣ ጌታዬ። እርስዎ ነዎት የጻፉት?»

ስድስት ዓመት «አንተ» ስትለው የኖረች ሴት ድንገት «እርስዎ» ስትል፣ ብልህ ሰው በሩ በየት በኩል እንደሆነ ያያል። እሱ ግን ደስ አለው።

«ስንት ለፋሁበት መሰለሽ! ሚስማር እንኳ ስታንዳርድ አለው፣ እትዬ። ሁሉም የየራሱን ቁልፍ እየቀረጸ ሥራ መቼ ይሠራል?»

«የኔ ፋይልስ?»

«አጠፋሁት። የሁሉንም ነው፤ ነጥብ ያለበትን ጠራርጌ።»

«ሳይጠይቁ?»

«ማስታወቂያ አውጥቼ የለ!»

«የት?»

«እዚያው አዲሱ ፋይል ውስጥ።»

እትዬ ነጥብ አንድ ጊዜ ተነፈሰች። «ያለዚያ ፋይል መሥራት አልችልም፣ ጌታዬ።»

«ልምድ ነው እኮ። ሁለት ቀን ያስቸግርሻል፣ ከዚያ ትረሺዋለሽ። ካልሆነም…» ድምፁን አለሰለሰ። «ዕድሜም አለ። መዝገብ ቤት ቦታ አለ፤ ፀሐይ ይገባል።»

ኪሷ ውስጥ ያለው እጅ መጨበጥ ፈለገ፤ አልተጨበጠም።

«ነይ ደግሞ፣ ፍርሃትሽን ላስለቅቅሽ» ብሎ ቀድሟት ወጣ።

ጠረጴዛዋ ጋ ሲደርሱ አንዲት የጣቢያው ጋዜጠኛ ቆማ አገኟት፤ ከሰዓት በኋላ ለሚተላለፈው ፕሮግራሟ ድምፆቿን ልትወስድ መጥታለች። ስታንዳርድ የእትዬ ነጥብ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ወንበሩንም ከፍ አደረገው።

«ሁለታችሁም እዩ። ሰው የሚፈራው ማጥፋትን ነው፣ አይደል?» የጋዜጠኛዋን ፎልደር ስም ጻፈና መታው። «ይኸው፣ አጠፋሁት።»

«ምኑን?» አለች ጋዜጠኛዋ።

እትዬ ነጥብ ግራ እጇን ዘርግታ ነበር፤ አልደረሰችም።

«አትደንግጪ፤ ስታንዳርዱ ቅርጫት አለው። የጠፋውን ሠላሳ ቀን ይዞ ያቆያል። በአንዲት ፊደል እመልሰዋለሁ።» መታት።

«እንዲህ የሚባል ትእዛዝ የለም።»

ሣቅ አለና ደግሞ መታት። የለም። ሦስተኛ ጊዜ ፊደሏን በጡጫ መታት፤ ፊደል መቼም በጡጫ አይሰማም።

«ላፕቶፔ ላይ ይሠራል እኮ!» አለ። «ጠዋት ሠርቷል!»

ያን ጊዜ ለእትዬ ነጥብ ሁሉም ነገር ወለል ብሎ ታያት። ቅርጫቱ የሷ ነው፤ ስድስት መስመር ነበር። ሲቆራርጥ ስላልገባው ጥሎታል፤ ጣቱ ግን ለምዶታል። ላፕቶፑ ላይ የሚሠራውም ስታንዳርዱ ሌላውን እንጂ አዘጋጁን ስለማይመለከት ነው።

«ላፕቶፕህ ላይ ስድስት መቶው መስመር አለ ማለት ነው» አለች። እርስዎው እዚያው ላይ አለቀ። «ከኔ የወሰድከው።»

«እትዬ፣ እሱን በኋላ…»

«አሁን! ድምፁ መሳቢያዬ ውስጥ አለ፤ ቁልፉ አንገቴ ላይ ነው። መጀመሪያ እጄን መልስልኝ።»

«የምን እጅ?»

ከኪሷ አወጣችውና ኪቦርዱ ላይ፣ ዓይኑ ሥር አስቀመጠችው። ሦስቱ ጣቶች እንደ ደረቁ ተንጋለው ቀሩ። ጋዜጠኛዋ አፏን በመዳፏ ያዘች።

«ስድስት ዓመት ሙሉ ተገለገልክበት። አቋራጮቹ ሁሉ ለምን ግራ ግራውን እንደሆኑ አንድ ቀን ገርሞህ ያውቃል? አያውቅም። የምትቀዳ እንጂ የምታነብ ልጅ አልነበርክም። ሂድ፣ አምጣው!»

ሄደ። ላፕቶፑን ታቅፎ ተመለሰና ወንበሯ ላይ ተቀምጦ ፋይሉን ከፈተ። አናቱ ላይ፣ ማሽን የሚዘለው፣ ሰው ብቻ የሚያነበው መስመር አልተነካም ነበር።

«ጮክ ብለህ» አለችው።

«ለተረከበኝ ሰው…» ጉሮሮውን ጠረገ። «ያልገባህን መስመር ከመሰረዝህ በፊት ጠይቀኝ። እኔም ካላወቅሁት አብረን እናፍራለን። እትዬ ነጥብ።»

ወንበሯን ለቀቀላት፤ ዝቅ አድርጋ ተቀመጠች። ፋይሏን ወደ ቦታው መለሰች፣ ዲስኩን ሰካች፣ በግራ እጇ ሦስት ፊደል መታች። ድምፆቹ በየቀናቸው ተሰለፉ፤ ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕ፣ ሐሙስ፣ ዓርብ። እዚያ ላይ ቆሙ።

«የቅዳሜዋስ?» አለች ጋዜጠኛዋ። «የቅዳሜዋ ሴትዮ የታለች? ከመቅረጫዬ ላይ ሰርዤዋለሁ፤ ሰርቨር ላይ አለ ብዬ!»

«የዓርብ ዲስክ ነው፣ እናቴ። የቅዳሜውን የሚመልስ የለም።»

ጋዜጠኛዋ ወደ ስታንዳርድ ዞረች። «ሦስት ወር ደጅ ጠንቼ ነው የተናገረችልኝ! ዳግመኛ አልናገርም ብላ ምላለች። አንተ ራስህ ሄደህ ትለምናታለህ። አሁኑኑ! ሹራብ ልበስ!»

እሱ ግን ወደ እትዬ ነጥብ ነበር የሚያየው። «ይቅርታ፣ እትዬ። ስለ እጅሽ… አላወቅሁም።»

ዞራ አላየችውም። በግራዋ እየመታች፣ ቀኟን ጠረጴዛው ላይ እንደተዘረጋ ትታዋለች።

«ይቅርታህን ፊቱ ላይ ነጥብ አድርግበትና አስቀምጠው» አለችው። «ስፈልገው አወጣዋለሁ።»