ጥሪ መዝጊያው

ሩሀማን ያስፈራት ጸጥታው ነው። ዝናቡ ቦንጋን ከጠዋት ጀምሮ ሲደበድባት ውሏል፤ መንገዱ ሁሉ ጭቃ ነው። ግን ከጌሻም ሆነ ከጨና ወረዳ አንድ አምቡላንስ እንኳ አልተጠራም። በሌላ ጊዜ ቢሆን በእንዲህ ያለ ቀን ስልኩ ጆሮ ሲያደነቁር ነበር የሚውለው።

«አየሽ ሥራሽን!» አሉ የጥሪ ማእከሉ ኃላፊ ጋሽ ደጉ፣ ወንበራቸው ላይ ለጠጥ ብለው። «ስንት ዓመት ስልክ ስሰማ ኖሬ ዛሬ ገና አረፍኩ።»

ያሳረፋቸው ሩሀማ ሠርታው ዛሬ ጠዋት ሥራ የጀመረው ኤጀንት ነው። ኤጀንት የሚሉት ሰው አይደለም፤ ሰዎች በመደወል ፋንታ በስልክ የሚልኩትን መልእክት እያነበበ፣ እየመለሰ፣ ራሱ የሚወስን የኮምፒውተር ረዳት ነው። ሩሀማ ሁለት መሣሪያ ሰጥታዋለች፤ አንዱ አምቡላንስ መላኪያ፣ አንዱ ጥሪ መዝጊያ። የትኛውን መቼ እንደሚያነሳ የሚያውቀው እሷ ከየመሣሪያው ሥር በጻፈችው ማብራሪያ ብቻ ነው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ? ይኸኛው ሞኝም ወረቀትም ነው።

አላስችል ብሏት የተዘጉትን ጥሪዎች ከፈተች። ለካ ሲጠራ ነው የዋለው። የመጀመሪያውን አነበበች።

«እንደምን ዋላችሁ ልጆቼ። እኛ ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን።»

ኤጀንቱም በትሕትና፣ «ደህና በመሆንዎ ደስ ብሎናል» ብሎ መልሷል። ከዚያ ዘግቶታል።

ለጥሪ መዝጊያው የጻፈችው ማብራሪያ ትዝ አላት፤ «ባለጉዳዩ ደህና መሆኑን ሲናገር ጥሪውን ዝጋ።» አጭርና ግልጽ ነው ብላ የኮራችበት ነው። ስትሞክረውም «ምጥ ነው፣ ደካ ነን፣ ቶሎ» እያለች በደረቁ ነበር የሞከረችው፤ ከማሽን ጋር ማን ሰላም ይባባላል? የአገሩ ሰው ግን ቤቱ እየተቃጠለም ሰላምታ ሳያስቀድም ጭንቁን አይናገርም። መጀመሪያ ሁሉ ደህና ነው፣ እግዚአብሔር ይመሰገናል፤ ነገሩ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ቦንጋ ተወልዳ ላደገችው ሩሀማ ይህ ጠፍቷት አይደለም፤ አላሰበችውም እንጂ።

ጥሪው ከተዘጋ በኋላ የመጣ መልእክት ማንም ወደማያየው ቦታ ነው የሚሄደው። እሱንም ከፈተችው።

«በላይነሽ ነኝ ከዋጫ፣ ከወፍጮ ቤቱ በላይ። ልጄ ህይወት ምጥ ጠንቶባታል። ደም በዛ።»

ከሥሩ፣ «መጣችሁ?»

ከዚያም፣ «ልጆቼ፣ መንገድ ላይ ናችሁ?»

«ጋሽ ደጉ!» ብላ ስትጮህ ተነሥተው መጡና ከኋላዋ ቆመው አነበቡ። ፊታቸው አመድ መሰለ። ስልክ አንስተው ዋጫ ላለው የአምቡላንስ ሹፌር ለሳምሶን ደወሉ። ሳምሶን ቀኑን ሙሉ መኪናው ውስጥ ተቀምጦ ጥሪ ሲጠብቅ ነበር የዋለው፤ ያውም ወፍጮ ቤቱ በሚታይበት ቦታ።

ሩሀማ ወደ በላይነሽ ደወለች። ስልኩ ዝግ ነው። ደግማ ደወለች። ባትሪው ይሆን? ኔትወርኩ ይሆን? ወይስ ከዚህ በኋላ ስልክ የሚያስነሳ ነገር የለም? ሐሳቡን ሳትጨርስ ሦስተኛ ደወለች።

ኤጀንቱን አቁመው የቀሩትን ጥሪዎች አንድ በአንድ አነበቡ። ከደካ እግሩ የተሰበረ ሰው፣ ከቢታ ገነት ትኩሳት የያዘው ልጅ፤ ሁሉም ደህና ነን ብለው ነው የጀመሩት። ጋሽ ደጉ ለሁሉም መኪና እየፈለጉ፣ «አንቺ ጻፊው!» ብለው ጮኹባት። «ነገ ሌላ ሰው እንዳይገድልብን ጻፊው!»

ጻፈች። «ሰላምታ መልስ አይደለም። ባለጉዳዩ ደህና ነኝ ቢልም አትዝጋ፤ ምን እንደገጠመው ጠይቀው። እርዳታ እንደደረሰው ወይም እንደማይፈልግ በራሱ ቃል ሳይነግርህ ይህን መሣሪያ አትንካ። ከተጠራጠርክ ሰው ጥራ።» ይህን ለመጻፍ አንድ ሻይ የሚጠጣበት ጊዜ እንኳ አልፈጀባትም። ለምን ትናንት አልጻፈችውም? በራሷ ተናደደች፤ ንዴቱ ግን ፍርሃቷን አላስለቀቃትም፤ ዓይኗ ከስልኩ ላይ አልተነሣም።

ስልኩ ጠራ። ሳምሶን ነው።

«ጤና ጣቢያ ደርሰናል። ወላዷ ተርፋለች» አለ። ስለ ሕፃኑ ምንም አላለም። ለመጠየቅ አፏን ስትከፍት፣ «እናቷ ላናግራቸው ብለዋል» ብሎ ስልኩን አቀበለ።

«ልጄ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን» አሉ በላይነሽ። ድምፃቸው ተዘግቷል። «ልጄን ማርያም ማረችልኝ። ሕፃኑ አልሆነልንም እንጂ፣ እናንተማ ምን ታደርጉ፤ ያዘገያችሁ መንገዱ ነው። በዚህ ጭቃ የመጣችሁልን ብድራችሁን እሱ ይክፈላችሁ።»

ጋሽ ደጉ ከወዲያ በኩል በእጃቸው ምልክት ሰጧት፤ ተዪው፣ ዝም በይ ነው። ዝም ብትል የሚያውቅባት የለም። ይመርቋትና ስልኩ ይዘጋል። ሩሀማ በዕድሜዋ እንደዚያች ሰዓት ፈርታ አታውቅም።

«እትዬ» አለች። «መንገዱ አይደለም። እኔ ነኝ።»