የክሬን ነጂዋ ምሳ

ነርሷ የደም ግፊት መለኪያውን ከክሬን ነጂዋ ክንድ ላይ ፈታችና ቁጥሩን ደግማ አየችው።

"መቶ ስልሳ። ካለፈው ወር ንቅንቅ አላለም።"

"ሦስት ሳምንት ሙሉ ጨው ባፌ አልዞረም እኮ።"

"ሁለት ሳምንት ልጨምርልሽ። ካልወረደ ግን ክሬን ላይ መውጣት አትችይም። መሬት ላይ ሌላ ሥራ ይፈለግልሻል።"

መሬት ላይ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሰው ሁሉ አንጋጦ ሲያያት የኖረችውን ሴት። የግንባታው ሠራተኞች "ንስሯ" የሚሏት ለቀልድ ብቻ አልነበረም፤ ያንን ሁሉ ብረት ዘጠነኛ ፎቅ ላይ እንደ እንቁላል ቀስ አድርጋ የምታሳርፍ እሷ ናት። በሽታዋንም ለማንም ትንፍሽ አላለችም። ከሰሙ መጠቋቆሚያ ያደርጉኛል ብላ ፈራች።

ምሳዋን የምትሠራላት ልጇ ናት። መጀመሪያ ሰሞን ጨው ከቀረ ይበቃል ብለው ጎመንና ቲማቲም ብቻ ስትቋጥርላት፣ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን የክሬኑን መቆጣጠሪያ ዘንግ የያዘ እጇ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ሐኪሙም "ፕሮቲን ያለው ነገር ብዪ እንጂ፣ በቅጠል ልትኖሪ ነው?" ብሎ ተቆጣት። ከዚያ ወዲህ አንድ ቀን ዶሮ በሎሚና በነጭ ሽንኩርት፣ አንድ ቀን ምስር ከተቀቀለ እንቁላል ጋር፣ አንድ ቀን ባቄላ በእርጎ ሆነ። ይጣፍጣል። እንዲያውም ከጠበቀችው በላይ ይጣፍጣል።

ከነርሷ ዘንድ በተመለሰች ማግስት መብራት ጠፍቶ ክሬኑ ቆመ። የሠራተኛውን ምሳ ዕቃ እየተቀበሉ የሚያሞቁት የዕቃ ቤቱ ሽማግሌም "ዛሬ ቀዝቃዛውን ቻሉት" አሉ። ንስሯ አሸዋው ክምር አጠገብ ተቀምጣ ከምስሩ አንድ ማንኪያ ቀመሰችና ለልጇ ደወለች።

"ዛሬ ምን ነክቶሽ ነው? ውሃ ውሃ ይላል።"

"እማዬ፣ እንደ ሁልጊዜው ነው የሠራሁት። ጨው እንደሌለው ረሳሽው እንዴ?"

"የትናንቱስ?"

"የትናንቱም የለውም።"

ስልኩን ዘግታ አሰበች። ዛሬ ምሳዋን ያልነካው አንድ እጅ ብቻ ነው። ተነስታ ወደ ዕቃ ቤቱ ሄደች።

"ጋሼ፣ ምሳዬ ላይ የሚጨምሩት ነገር አለ?"

ሽማግሌው ከኪሳቸው በላስቲክ የተቋጠረ ጨው አወጡ።

"ሳሞቀው ሽታው ስቦኝ አንድ ቀን ቀመስኩት። ልጅቷ ጨው ረስታለች አልኩ። በማግስቱም ረሳች። አንቺ ፊት እንዳታፍር ብዬ ቆንጠር አድርጌ ጨመርኩላት። ከዚያ በኋላማ ሥራዬ ሆኖ ቀረ።"

ንስሯ ልትቆጣ ነበር። ግን ማንን ትቆጣ? በሽታዋን የደበቀችው ራሷ ናት።

"ግፊት አለብኝ፣ ጋሼ። ካልወረደ ከክሬኑ ያወርዱኛል።"

ሽማግሌው ወንበራቸው ላይ ዘጭ አሉ። "እኔ ነኛ በገዛ እጄ ስጎዳሽ የከረምኩት።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ ንስሯ፣ የለመደ እጅ ይስታል ብላ፣ ምሳዋን ለማንም ሳትሰጥ፣ ቀዝቃዛውን፣ ክሬኑ ላይ ብቻዋን በላች። ቀዝቃዛ ባቄላ አንገት ላይ ይቆማል፤ ቢሆንም ዋጠችው። በአሥራ አራተኛው ቀን ጠዋት ነርሷ ለካች፤ አላመነችም፤ እንደገና ለካች።

"መቶ ሃያ ስድስት። ምን አድርገሽ ነው?"

ንስሯ ሳቋን መያዝ አቃታት። ነርሷ ክሬን ላይ እንድትወጣ የፈቀደችበትን ባለ ማኅተም ወረቀት ከፍ አድርጋ ወደ ግንባታው ገባችና ሠራተኛው ሁሉ እየሰማ፣ "ግፊት ነበረብኝ። እሱ ወርዷል፤ እኔ ግን አልወርድም" አለች። ብረት ሠራተኞቹ ሄልሜታቸውን እየደበደቡ አጨበጨቡላት። ስትፈራው የከረመችው ወሬ ይኸው ነበር፤ ደስታዋ እንባዋን አመጣው።

ሽማግሌው ብቻ ከዕቃ ቤቱ በር ፈቀቅ አላሉም። ስትጠጋቸው የጨዋቸውን ቋጠሮ ዘረጉላት።

"ይሄን ውሰጂልኝ። እኔ ጋ ካለ እጄ አያርፍም።"

ንስሯ ቋጠሮውን አየችው፤ አልተቀበለችም። ምሳ ዕቃዋን ከትከሻዋ አውርዳ በሁለት እጇ ሰጠቻቸው።

"ጨውዎን ይያዙት፣ ጋሼ። ይሄንን ደህና አድርገው ያሙቁልኝ፤ ዛሬ ዶሮ ነው" አለችና ወደ ክሬኑ መሰላል ሄደች።