ከጋቢናው በስተቀኝ

ሹፌሩን የሥራ ባልደረቦቹ «መስታወት» ይሉት ነበር። አዲስ ሹፌር በተቀጠረ ቁጥር፣ ገና ሻንጣውን ሳያወርድ፣ ክንዱን ይዞ ግቢው ውስጥ የቆመውን ትልቁን ተሳቢ ያዞረዋል። «እዚህ አፍንጫው ሥር የቆመ ሰው አይታይህም» ይለዋል። «ከኋላ ተለጥፎ የሚመጣም አይታይህም። በግራህ ከበሩ አለፍ ብሎ ትንሽ ቦታ አለች፣ እሷም ትደብቃለች። በቀኝህ ግን፣ ከጋቢናው በር ጀምሮ፣ ሰው ቤት ሠርቶ ቢገባበት አታውቅም። ትንሽ መኪና እዚያ ከገባች ለአንተ የለችም ማለት ነው።» አዲሱ ሹፌር ራሱን ይነቀንቃል። ነባሮቹ ሻይ ቤቱ አግዳሚ ላይ ተደርድረው ይሳሳቃሉ።

«መስታወት እኮ ሚስቱንም ያጫት በስፖኪዮ አይቶ ነው» ይላል አንዱ።

«ኧረ እሷ ናት ያየችው። እሱማ በቀኙ ስለመጣችበት እስካሁንም አላያትም» ይላል ሌላው።

ከአደጋው ወዲህ በዚያ ስም የሚጠራው ጠፋ። «እንደምን አደርክ ወንድሜ» ይሉታል፣ ሻይ ይጋብዙታል፣ አጠገባቸው ሲደርስ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። ጨዋነታቸው ቢሰድቡት ከሚያመው የባሰ ያመው ነበር።

ነገሩ የመጣው ከሽኝት ነው። ሹፌሩ ጭነቱን ይዞ ከግቢው ሲወጣ የሚሄድበት አውራ ጎዳና ሰፈሩን ታክኮ ያልፋል። ለብዙ ቀን ስለሚርቅ፣ ሚስቱ ሴት ልጃቸውን ሚጣን ይዛ በትንሿ መኪና ማደያው ጋ ትጠብቀዋለች። ትልቁ መኪና ሲያልፍ ተከትላ ጎዳናው ውስጥ ትገባና በግራ በኩል እየፈጠነች ከጋቢናው እኩል ትሆናለች። ሚጣ በመስኮቱ እጇን ታውለበልባለች፣ እሱም ክላክሱን ረዘም አድርጎ ይነፋላታል። እስከሚቀጥለው መውጫ እንዲህ ጎን ለጎን ይሄዳሉ። ሚጣ ይህን የጀመረችው ገና አፏን ሳትፈታ ነው። ሹፌሮቹም ያውቁታል። «እሱማ ምን አለበት፣ በአጀብ ነው የሚጓዘው» እያሉ ይቀልዱበታል።

እኩል ከሆኑ በኋላ በደንብ ያያቸዋል። እኩል እስኪሆኑ ድረስ ግን የሚያልፉት በማይታይ ቦታ ነው፤ መጀመሪያ ከኋላ ተለጥፈው፣ ከዚያ ከበሩ ኋላ ተደብቀው። ይህን ከእሱ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። በየጊዜው መሪውን ጨብጦ፣ ትንሿ መኪና ብቅ እስክትል ይጠብቃል። ዛሬስ ስመለስ እነግራቸዋለሁ ይላል። ከዚያ ያቺ ትንሽ እጅ በመስኮት ትወጣና ሆዱ ይባባል፤ ሐሳቡም እዚያው ይቀራል።

የአደጋው ቀን ጠዋት ከሚስቱ ጋር ተጣልተው ነበር። ሳምንቱን ቤት እውላለሁ ብሎ ቃል ከገባ በኋላ ሌላ ጭነት ተቀብሎ መጣ።

«ይሄ ቤት ማደሪያህ እንጂ ቤትህ አልሆነም» አለችው።

«ልሥራ ወይስ አልሥራ? አንዱን ምረጪልኝ።»

«መርጠህ መጥተህ ምን ትጠይቀኛለህ?»

ሻንጣውን አንጠለጠለና በሩ ላይ ሆኖ፣ «ዛሬ ማንም እንዳይሸኘኝ!» ብሎ ወጣ። ሚጣ መኝታ ቤት ሆና ሰምታለች።

እናትየዋ ግን ንዴቷ ብዙ አይቆይም። ትንሽ ቆይቶ በረደላትና ልጅቷን ይዛ ወጣች። ማደያው ጋ ሲደርሱ ትልቁ መኪና አልፏል። ተከትለው ደረሱበት። መንገዱ እየታደሰ ስለነበር የቀኙ መስመር ተዘግቶ መኪናው ሁሉ በግራው ተሰልፎ ይሄዳል። እገዳው ሲያልቅ የቀኙ መስመር ወለል ብሎ ተከፈተ። እሷም ወደዚያ ወጥታ ነዳች። ሚጣ ከኋላ ወንበር ወደ ግራው መስኮት ተስባ፣ ከጋቢናው በር ሥር ሲደርሱ እጇን አውለበለበች። ክላክሱ ረዘም ብሎ ተነፋ። ወዲያው ትልቁ መኪና መጣባቸው።

እሱ በዚያች ቅጽበት ያደረገው ሁልጊዜ የሚያደርገውን ነበር። ወደ መስመሩ ሊመለስ ፍሬቻ አሳየ፣ የቀኙን ስፖኪዮ አየ፣ ባዶ መንገድ አየ፣ መሪውን ቀስ አድርጎ አዞረ። መጀመሪያ የሰማው ድምፅ የቆርቆሮ ጣሳ ሲረገጥ የሚሰማውን ይመስል ነበር።

ሚጣ ግንባሯ ላይ ትንሽ ተጫረች። እናቷ የግራ ትከሻዋ ተሰበረ። ትከሻው ድኗል ይባላል፤ እጇ ግን ከደረቷ በላይ አይወጣም። እሷ ደግሞ ፀጉር ሠሪ ናት፤ ቀኑን ሙሉ ሁለት እጇን ከሰው ራስ በላይ አንስታ የምትውል። አሁን ፀጉር ቤቷ ውስጥ ፀጉር ታጥባለች፣ ፎጣ ታጥፋለች፣ የቀጠረቻቸው ልጆች ሲሠሩ ቆማ ታያለች።

ትራፊክ ፖሊሱ ጥፋቱ በቀኝ ለማለፍ የሞከረችው የትንሿ መኪና ነው አለ። ሚስቱም እንደዚያው አመነች። ሆስፒታል አልጋ ላይ ሆና፣ «ይቅር በለኝ፣ በቀኝ መምጣት አልነበረብኝም» አለችው። ግንባሯን ስሞ «ግድ የለም» አላት። ያቺ «ግድ የለም» ከአፉ እንደወጣች ሊመልሳት ፈለገ። አልመለሳትም። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ልመልሳት ሲል ቀኑ ይመሻል።

ሚጣ ደግሞ ራቀችው። ሲጠይቃት «እሺ» ወይም «አይ» ትላለች፤ ሳሎን ሲገባ ደብተሯን ይዛ ትነሣለች። ደንግጣ ነው፣ ይለቃታል ብሎ ሲጠብቅ ከረመ። አንድ ቀን ማዕድ ቤት ውስጥ ሚስቱ ሳህን እያደረቀች፣ ወደ እሱ ሳታይ ተናገረች።

«ልጅቷ ምን እንዳለችኝ ታውቃለህ?»

«ምን አለች?»

«አባዬ አይቶን ነው አለች። ክላክስ ነፍቶልኝ ከዚያ ገጨን አለች። ጠዋት ተናዶ ስለነበር ነው አለች።»

የያዘውን ብርጭቆ የት እንደሚያስቀምጠው ጠፋው። «አንቺ ምን አልሻት?»

«ምን እላታለሁ? አብደሻል ወይ አልኳት። አለቀሰች። እኔ ብነግራት አታምንም። ለአንተ ያደላሁ ነው የሚመስላት።»

ከዚያ ቀን በኋላ ሌላ የሚያስበው ነገር አልነበረውም። እግሩ ሥር ወድቆ ቢምልላትም ቃል ብቻ ነው። በዓይኗ ማየት አለባት። ትልቁ መኪና ከጋራዥ የቀኝ በሩ ተቀይሮ፣ አዲሱ ቀለም ከአሮጌው ደምቆ ሲመለስ፣ እሁድ ከሰዓት በኋላ ግቢው ጭር ሲል ሁለቱንም በተጠገነችው ትንሿ መኪና ይዟቸው ሄደ። ሚጣ የመጣችው እናቷ ስለመጣች ነው።

ዘበኛው በሩን ከፈተላቸው። «ጉብኝት ነው? ትኬት መቁረጥ ልጀምር እንዴ?» አለ። ማንም ስላልሳቀለት ወንበሩን ይዞ ወደ ግድግዳው ጥግ ሄደ።

«እኔስ የት ልሁን?» አለች ሚስቱ።

«ትንሿ መኪና ውስጥ» አላት። «የነበርሽበት።»

ከጎኑ ገብታ ተቀመጠች። ትንሿን መኪና ራሱ ነድቶ ከጋቢናው በስተቀኝ፣ አዲሱ ቀለም ካለበት ትንሽ ወደ ኋላ ካቆማት በኋላ ነው መሪውን ለእሷ የለቀቀላት። ከዚያ ሚጣን ደግፎ በትልቁ መኪና የግራ በር ወደ ላይ አወጣትና በሹፌሩ ወንበር ላይ አስቀመጣት። ጃኬቱን አጥፎ ከሥሯ አደረገላት። ዓይኗ ከእሱ ዓይን እኩል መሆኑን አጎንብሶ ለካ፤ አልበቃ ሲለው የወንበሩን ትራስ ጨመረበት።

«አጭር ስለሆንኩ ነው እንዳትይኝ።»

«አላልኩም።»

«እሺ። በቀኙ ስፖኪዮ እዪ። ምን ይታይሻል?»

ሚጣ አንገቷን ሰገግ አደረገች። «የዚህኛው መኪና ጎን። ግድግዳ። ዘበኛው።»

«እማዬስ?»

ወደ ፊት ተጠጋች፣ ወደ ኋላ ተደገፈች፣ በመስኮቱ መስታወት በኩል ለማየት ሞከረች። «የት ሄደች?»

«የትም አልሄደችም።»

«ሄዳለች።»

በግራው በር ዘልላ ወረደችና በመኪናው አፍንጫ ዞራ አየች። እናቷ መሪውን ይዛ እዚያው ተቀምጣለች። ሚጣ እየሮጠች ተመልሳ ወጣች፣ ጃኬቱን አስተካክላ ተቀመጠች፣ አየች። ግድግዳና ዘበኛው ብቻ ናቸው።

«እማዬ!» ብላ ተጣራች። «እጅሽን በመስኮት አውጪ!»

«አወጣሁት እኮ» የሚል ድምፅ ከሥር መጣ።

«አውለብልቢ!»

«እያውለበለብኩ ነው። አይታይሽም?»

ሚጣ ባዶውን ስፖኪዮ ስታይ ቆይታ፣ «ክላክሱስ?» አለች ዝግ ብላ።

«መንገድ የሚያድስ ሠራተኛ ነበር። ጀርባውን ሰጥቶ ወደ መኪናው ሲጠጋ ለእሱ ነው የነፋሁት።»

«ለእኔ መስሎኝ።»

«አውቃለሁ የኔ ልጅ።»

«አይተኸኝ፣ ከዚያ…» አልጨረሰችውም። አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገችና ክንዱ ላይ ደገፍ አለች። ከአደጋው ወዲህ ነክታው አታውቅም ነበር። ሹፌሩ እንዳይረብሻት ክንዱን ሳያንቀሳቅስ ቆየ። የመጣበት ጉዳይ ተፈጽሟል። አሁን ወርደው ወደ ቤታቸው መሄድ ይችሉ ነበር።

«አባዬ፣ እዚህ ጋ ሰው እንደማይታይ መቼ ነው ያወቅከው?»

«ከአደጋው በኋላ» የሚለው መልስ ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ሚጣ ደግሞ የሰጣትን ሁሉ ለማመን ዝግጁ ነበረች፤ ያንን ከፊቷ አየና መዋሸት አቃተው።

«ድሮ። አንቺ ሳትወለጂ።»

«እና እኛ ልንሸኝህ ስንመጣ?»

«መሪውን ጨብጬ እስክትታዩኝ እጠብቅ ነበር። እየፈራሁ።»

«ለምን ነው አትምጡ ያላልከን?»

«እንዳትቀሩብኝ ብዬ።»

ክንዱን ለቀቀችው። ተቆጥታ አልነበረም፤ ልታስብ ይመስላል ትንሽ ፈቀቅ ያለችው። «እማዬ ጥፋቱ የኔ ነው ትላለች» አለች። «ፀጉር ቤት ለሚመጡት ሁሉ እንደዚያ ነው የምትናገረው። ማታ ማታም ታለቅሳለች።»

«አውቃለሁ።»

«ታውቃለህ?» አለችና አየችው። «ንገራት።»

«እነግራታለሁ። ቤት ስንገባ…»

«አሁን። እኔ እዚህ እጠብቅሃለሁ።»

ወረደ። በመኪናው አፍንጫ ዞሮ ትንሿ መኪና ጋ ደረሰ። ሚስቱ በመስኮቱ ቀና ብላ አየችው።

«አየችኝ?»

«አላየችሽም።»

«እፎይ።» ራሷን ወንበሩ ላይ አሳረፈች። «አመነችህ ማለት ነው።»

«አመነችኝ።» እጁን በሩ ላይ እንዳደረገ ቆመ። ከዚያ ነገራት። በቀኝ መምጣቷ ከግራው ብዙ የማይለይ መሆኑን፣ ሽኝቱ በጠቅላላ አደገኛ እንደነበር፣ እሱ ይህን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እንደሚያውቅና አፉን እንዳልከፈተ ነገራት። ቃላቱን ሲያዘጋጅ የከረመ ሰው አይመስልም ነበር፤ ይደነቃቀፍ፣ የተናገረውን ይደግም ነበር። እሷ አላቋረጠችውም።

ሲጨርስ፣ «ለአዲሶቹ ሹፌሮች ትነግራቸው የለም እንዴ?» አለች። «ዙሪያውን እያዞርክ።»

«ለሁሉም እነግራለሁ።»

«ሻይ ቤት የሚቀመጡት ሁሉ ያውቁታል በለኛ።»

«ያውቁታል።»

የግራ እጇን በቀኝ እጇ አንስታ ጭኗ ላይ አስቀመጠች። «ሆስፒታል ይቅርታ ስጠይቅህ ግንባሬን ሳምከኝ።»

«አዎ።»

«ግድ የለም አልከኝ።»

«አዎ» አለ።

ከላይ የሚጣ ድምፅ መጣ። «እማዬ፣ ነገረሽ?»

«ነገረኝ» አለች ቀና ሳትል። ሹፌሩ እንድትሰድበው፣ እንድትጮህበት ጠበቀ፤ ቢሆንለት ደስ ይለው ነበር።

«ሂድ አውርዳት» አለችው በመጨረሻ። «ደረጃው ለእሷ ሩቅ ነው። እንደ ቅድሙ ስትዘል ትወድቅብናለች።»

ዞሮ ልጁን ሊያወርድ ሄደ።